የውባንቺ የለቅሶ ልምምድ

ውባንቺ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ሞታለች። ሁለቴ ሽንት ቤት ባለመቆፈሯ፣ ሦስቴ ጤና ጣቢያ አልሄድም ብላ ቤቷ ስትወልድ፣ አንዴ ማዳበሪያ አልወስድም ብላ በረሃብ፣ ሁለቴ ስሙን ሁሉም በሚያውቀው በሽታ፣ አንዴ ደግሞ በወባ። ላሊበላ ደጋ ናት፤ የወባ ትንኝ ተሳስታ ብትመጣ እንኳ ብርዱን ቀምሳ ትመለሳለች። የምትጫወትበት ድራማ ግን ከክልል ተጽፎ የመጣ ስለነበረ ወባውም አብሮ መጣ፤ የወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤትም የተላከለትን በሽታ አልመልስም አለ።

ሞቶቿ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ኋላቀር እናት ሆና ትገባለች፤ ትመከራለች፤ እንቢ ትላለች፤ ትወድቃለች። ከዚያ ቦርሳ ያንጠለጠለ ባለሙያ ይገባና ሬሳዋ አጠገብ ቆሞ ስለ ንቃተ ኅሊና ንግግር ያደርጋል። ንግግሩ እንደ ባለሙያው የሥልጣን ደረጃ ይረዝማል። እሱ እስኪጨርስ ውባንቺ የአዳራሹ ሲሚንቶ ላይ ተጋድማ ጎኗ ይቀዘቅዛል። ጽሕፈት ቤቱ ይህን በሪፖርቱ «የኪነ ጥበብ እንቅስቃሴ» ይለዋል። የሚንቀሳቀስ ነገር ግን አልነበረም፤ ባለታሪኳ ሞታለች፣ ተመልካቹ ተኝቷል፣ ባለሙያው ከመፈክሩ ፈቀቅ አይልም። ሰፊውን ሕዝብ እንደ ጥርስ አልባ ሕፃን እያላመጡ ማጉረስ የማይሰለቸው ቢሮክራሲ ከዚህ የተሻለ ቴአትር ሊወልድ አይችልም።

የዕለት እንጀራዋ አንሶላ ማጠብ ነው። የአሸተን ማርያምን ተራራ ፊት ለፊት ከሚያዩት ሆቴሎች በአንዱ፣ ፈረንጅ ተኝቶ የተነሣበትን አንሶላ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ አቧራ ሲነፋበት መልሳ ታጥባለች። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ የላትም፤ ከእናቷ ከእማሆይ ወለተ ሥላሴ ጋር ትኖራለች። ከዘጠኙ ሞት ያንገበገባት መሞቷ አልነበረም፤ እንደ ሰው አንድ ቃል ሳትናገር መሞቷ ነው። አንዲት ቀን ብቻ፣ ጽሕፈት ቤት ያልጻፈውን ንግግር፣ ተመልካቹ ያልታዘዘበት መድረክ ላይ ቆማ መናገር ፈለገች። ፍላጎቷ ይኸው ነው፤ ከዚህ ያነሰ ፍላጎት ላስታ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

በዘጠና ዘጠኝ የካቲት ከአዲስ አበባ አንድ የቴአትር ቡድን ማስታወቂያ ለጠፈ። ሥራቸው ቴአትር የሆነ፣ ደመወዛቸውም ከቴአትር የሚመጣ ሰዎች ናቸው። ለአዲስ ድርሰታቸው የልጇን መርዶ የምትሰማ የላስታ እናት ቸግራቸዋል። የከተማው ተዋንያን የወሎን አነጋገር ሲሞክሩት ጥርሱን ያመመው ሰው ይመስሉ ነበር አሉ። ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጥተው፣ እዚያው በወረዳው አዳራሽ፣ ተፈታኝ ሁሉ ፊታቸው ቀርቦ እንዲያሳያቸው ወሰኑ። ማስታወቂያው «ምልመላ» ይል ስለነበር መጀመሪያ ያነበቡት ሽማግሌዎች ወንድ ልጆቻቸውን ወደ ገጠር ሊያሸሹ ቃጥተው ነበር። ሴት እንደሚፈለግ ሲነገራቸው ደግሞ የባሰ ተጠራጠሩ።

ለመፈተኛ የተሰጠው ጽሑፍ ሁለት ገጽ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ይገባሉ፤ ልጅሽ ሞቷል ይሏታል፤ እናት ታለቅሳለች። ውባንቺ ገጾቹን ይዛ ወደ መምህር ቃለሕይወት ሄደች። ቃለሕይወት የአማርኛ መምህር ነው፤ በሚኒ ሚዲያ ክበብ አድጎ ኮሌጅ ደርሶ የተመለሰ፣ ስለ ትወና የሚያወራ ሽፋኑ የተገነጠለ ጥራዝ ያለው ወጣት። ጥራዙን እንደ ዳዊት ይዞት ይዞራል፤ ከመካከሉ የጎደሉትን ገጾች ደግሞ በራሱ ይሞላቸዋል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እቤቷ መጣና በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«አሁን መርዶ ነጋሪዎቹ ገቡ» አለ። «ምን ተሰማሽ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«ማን ገባና? አንተ ብቻህን በርጩማዬን ይዘህ ተጎልተሃል።»

«መጽሐፉ ያዘንሽበትን ቀን አስታውሺ ይላል።»

«ያዘንኩበትን ቀን መቼ አጥቼ። ትላንት ሃያ አንሶላ አጥቤ ካሰጣሁ በኋላ አቧራ ተነሣበት።»

«እሱን እያሰብሽ አልቅሺ።»

«ለአንሶላ?»

«አልቅሺ ብቻ። እንባው ሲመጣ ምክንያቱን አይጠይቅም።»

ውባንቺ ዓይኗን ጨፈነች፤ አንሶላዎቹን አሰበች፤ እነዚያን የሲሚንቶ ላይ ሞቶችም ጨመረችባቸው፤ ከዚያ «ወየው ልጄን» ብላ ለቀቀችው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሳይነካ የተቀመጠ ድምፅ ነው። ከሸለቆው ማዶ ውሻ አስነሣ።

ጎረቤቷ አረጋ የቅሬው ጡሩምባ ነፊ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን የወሎ ሰው ቅሬ ይለዋል፤ የሞተን የሚቀብር፣ ያዘነን የሚያስተዛዝን ማኅበር ነው። አረጋ በሕይወቱ አንድ ኩራት አለው፤ ዘግይቶ አያውቅም። ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው ብሎ ያምናል። ጡሩምባውን ከግድግዳው አውርዶ ነፋው።

ከዚያ የሆነው በሩብ ሰዓት ውስጥ ሆነ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ደረታቸውን እየመቱ መጡ። ወንዶቹ የድንኳኑን ምሰሶ ተሸክመው ደጅ ላይ ጉድጓድ ጀመሩ። የቅሬ ብቃት ከመንግሥት አገልግሎት የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ማመልከቻ አይፈልግም። ከሁሉ የከፋው እማሆይ ወለተ ሥላሴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነው። ደጃቸው ላይ ድንኳን ሲተከል አዩ፤ ቤት ውስጥ ያለችው ልጃቸው ብቻ መሆኗን ያውቃሉ፤ «ልጄን» ብለው መሬት ላይ ወደቁ።

ውባንቺ «እማዬ አለሁ፣ አለሁ» እያለች ብትወጣ፣ አልቃሾቹ ሟቿን በእግሯ ቆማ አይተው ዝም አሉ። ምሰሶ የያዘው ምሰሶውን እንደያዘ ቀረ። አረጋ ብቻ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚነፋ ስለሆነ፣ ትንሽ ሲነፋ ቆየ።

«ማን ነው የሞተው ታዲያ?» አለች አንዷ፣ እንባዋን ሳትጠርግ።

«ማንም» አለች ውባንቺ። «ቴአትር ነው።»

እሑድ ቅሬው ለፍርድ ተቀመጠ። ሰው ከወረዳ ፍርድ ቤት ይልቅ የቅሬ ሸንጎን የሚፈራበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መንግሥት የሚያስቸግርህ በሕይወት እስካለህ ብቻ ነው፤ ቅሬ ግን ሬሳህን በእጁ ይዟል። ዳኛው አያ አራጋው ናቸው። ፊታቸው እንደ ደረቀ ቆዳ የማይጨማደድና የማይፈታ፣ ሲቆጡም ሲስቁም አንድ የሆኑ ሽማግሌ።

«ማን ሞቶ ነው የጮኽሽው?» አሉ።

«ልጄ፣ አያ።»

«ልጅ አለሽ?»

«የለኝም። የድርሰቱ ልጅ ነው።»

«ድርሰቱ የቅሬያችን አባል ነው?»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። አያ አራጋው ወደዚያ ዞር ሲሉ ሳቁ ጠፋ።

«እኔ እኮ በየድራማው ስሞት ኖሬያለሁ» አለች ውባንቺ። «አንድ ቀን ጠይቃችሁኝ አታውቁም።»

«ስትሞቺማ ዝም ብለሽ ነው። ሬሳ ደግ ነው፤ ሰው አያውክም። እናትሽን ግን በቁማቸው ልትገድያቸው ነበር፤ እሳቸውም ልጃቸውን ሊቀብሩ ነበር። ያለ ሟች ለቅሶ የለም። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጩኸት ብሰማ አንቺም እናትሽም ከቅሬው ትሰረዛላችሁ።»

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከቅሬ የተሰረዘ ሰው ሲሞት ጎረቤቱ በሩን ይዘጋል፤ እማሆይን ማን ሊሸከማቸው ነው? ውባንቺ አንገቷን ደፋች። ፈተናው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ አሁን ደግሞ አፏ ተሸበበ። ቃለሕይወት ተነሥቶ ስለ ኪነ ጥበብ ነፃነት ከጥራዙ ሊጠቅስ ሲል አያ አራጋው «አንተ ልጅ፣ ሐሙስ ዕለት በርጩማው ላይ የነበርከው አንተ ነህ አሉ» ብለው አስቀመጡት።

ያን ጊዜ እትዬ አሰለች ተነሡ። ሰባ ሊደፍኑ የተቃረቡ፣ ሰፌድ እየሰፉ ለቱሪስት የሚሸጡ ባልቴት ናቸው። ሰፌዳቸውን ፈረንጆቹ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል ሲባሉ ሁልጊዜ ያዝኑላቸዋል፤ የሚያበጥሩት እህል የላቸው እንደሁ እያሉ።

«ሟች ከሆነ የቸገራችሁ እኔ ጋ አለ» አሉ።

ሰው ሁሉ ማንን እንደሚሉ ገባው። ደሳለ ይባላል። በሰባ ዘጠኝ ከቅዳሜ ገበያ ላይ አፍሰው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ዘጠኝ ዓመት ተምሮ ዘጠኙንም ዓመት ያረፈደ፣ የእትዬ አሰለች አንድ ልጅ። ሃያ ዓመት አለፈው። አልተመለሰም፤ ሞተም አልተባለም። መርዶ ስላልመጣ ቅሬው አልተቀመጠለትም።

«እትዬ፣ መርዶ የለም እኮ» አሉ አያ አራጋው። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ማን ያምጣው? የወሰዱት ሸሹ። ያሸነፉት ደግሞ የራሳቸውን ሙት ነው የሚቆጥሩ።»

 እዚያ ከተቀመጡት ውስጥ የቀበሌ አመራርም፣ ለአመራሩ ወሬ የሚያቀብልም ነበረበት። አንዱ ወደ አያ አራጋው ጆሮ ጠጋ ብሎ የደርግ ወታደር ለቅሶ ፖለቲካ እንዳይሆንብን አለ። እንዲህ ነው አድርባይነት፤ ሙቶች እንኳ የየትኛው ወገን እንደሆኑ ሳይጣራ እንባ አይፈስላቸውም። በየከተማው መሐል ለአንዱ ወገን ሙት ሐውልት ይቆማል፤ የሌላው ወገን እናት ደግሞ ሃያ ዓመት በር በሩን ታያለች፤ ሁለቱም ልጅ የአንድ ገበሬ ልጅ መሆኑን የሚናገር ግን ጠፋ። እትዬ አሰለች ተናገሩት።

አያ አራጋው በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

«ለቅሶ ከተቀመጥን መመለሻ የለውም፣ እትዬ። ሞቷል ማለታችን ነው።»

«ዐወቅሁ። እኔ ስሞት ማን ያለቅስለታል ብዬ ነው። የእናንተን ሁሉ ሙት አልቅሻለሁ። የኔን አንድ ቀን አልቅሱልኝ። ይችም ልጅ ጉሮሮዋን ታፍታታበት፤ ደሳለ ለሰው አይነፍግም።»

«ለማን ነው ያለቀሳችሁት ቢሉንስ?» አለ ያ ጆሮ ጠቢ።

«ለአሰለች ልጅ ነው እንላለና» አሉ አያ አራጋው። «ሌላ ማዕረግ አናውቅለትም። ረቡዕ እንቀመጣለን።»

ረቡዕ አረጋ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ጠይቆ ጡሩምባውን ነፋ። ድንኳኑ ሞላ። የደሳለ ፎቶግራፍ ስላልነበረ የተማሪ ቤት ጋቢው ወንበር ላይ ተነጠፈ። ውባንቺ መሐል ቆመች፤ ሁለቱን ገጽ በቃሏ ይዛለች። አፏን አሟሸች፤ እንዲህ ስትልም ጀመረች፦

«አንተ የጦር አርበኛ፣ አንተ የጎራው ነብር፣
ጠላት ያንተን ዝና ሰምቶ የሚሸበር።»

እትዬ አሰለች እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ ቆይ። የማንን ልጅ ነው የምታለቅሺው?»

«የርስዎን፣ እትዬ።»

«የኔ ልጅ ነብር አልነበረም። አውራ ዶሮ ሲያባርረው ጣራ ላይ የወጣ ልጅ ነው።»

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት በሳል አስመሰለው። «አዎን» አለ አንድ የዕድሜ እኩያው፣ «ዶሮው የኛ ነበር።» ሌላዋ የቅድስት ማርያምን ጸበል ሊቀዳ ተልኮ ሲጫወት ውሎ የምንጭ ውሃ ሞልቶ ያመጣበትን ቀን አስታወሰች። አያቱ በዚያ የምንጭ ውሃ ከቁርጥማት ተፈወሱ። አንዱ ሲናገር ሌላው ይጨምራል፤ ሃያ ዓመት ስሙ ያልተነሣ ልጅ በአንድ ከሰዓት ቁመት አወጣ፣ መልክ አወጣ፣ ጠባይ አወጣ። ጭነት ማሰር አይችልም ነበር፤ አህያው ላይ የጫነው ሁሉ መንገድ ላይ ይወድቃል። ጥሬ ባቄላ ከኪሱ አይጠፋም።

ውባንቺ ሁለቱን ገጽ ረሳችው። ጋቢውን አየችው። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ሰውን እንደምታናግር ሆና፣

«ዶሮ የፈራውን ጦር ሜዳ ወሰዱት፣
ጭነት ያልቻለውን ጠብመንጃ አስያዙት»

ስትል ድንኳኑ አንድ ላይ ተነፈሰ። የሚሳልም ጠፋ። ዶሮው የኛ ነበር ያለው እኩያው ፊቱን በራሱ ጋቢ ሸፈነ። አያ አራጋው ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ነበር፤ የማይፈታው ፊታቸው እንደዚያው ነው፤ እንባው ግን ወርዶ ጢማቸውን አርሶታል። እትዬ አሰለች ቆሙና ሃያ ዓመት የዘገየውን ራሳቸው አወረዱት፦

«ሃያ ዓመት ጠበቅሁህ በሬን ገርበብ አርጌ፣
ነፋስ ነው ያገኘሁ ፈልጌ ፈልጌ።»

ሲበተኑ ውባንቺን ክንዷን ያዟት። «አሁን ገባሽ?» አሏት። «ሰው የሚለቀሰው በስሙ አይደለም። በዐመሉ ነው።»

ቃለሕይወት ይህን ጥራዙ ሽፋን ላይ፣ ሽፋን ስለሌለው የመጀመሪያው ገጽ ኅዳግ ላይ፣ ጻፈው። ከኮሌጅ ከመጣ ወዲህ የተማረው የመጀመሪያው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

የፈተናው ቀን አዳራሹ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ተሰለፉ። ፈታኙ ዮኒ ይባላል፤ የቴአትሩ አዘጋጅ ነው፤ ጠጉሩን እንደ ባሕታዊ አሳድጎ ስለነበር ሁለት አሮጊቶች መንገድ ላይ ጉልበቱን ሊስሙት ሲሉ ሸሽቷቸዋል። ረዳቱ ደግሞ የመርዶ ነጋሪዎቹን ቃል ያነባል። ተፈታኞቹ በተራ ገቡ፤ በተራ ጮኹ። አንዷ ደረቷን መታች፤ አንዷ ጠጉሯን ነጨች፤ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ የሆነችው ደግሞ ራሷን ስታ ስትወድቅ እውነት መስሎ የአዳራሹ ዘበኛ ባልዲ ውሃ ደፋባት። ዮኒ «አመሰግናለሁ፣ ቀጣይ» ይላል። በባለሙያዎቹ ንግግር መሐል የሚያንቀላፉት ተመልካቾች ዓይን አሁን በሱ ፊት ላይ ነበር።

ውባንቺ ገባች። ረዳቱ መርዶውን አነበበ። የሷ ቃል እንዲህ ይላል፦ «ወየው ልጄ፣ የሀገሬ አለኝታ፣ የነገ ተስፋዬ።» ከየትኛው ሰልፍ መፈክር እንደተገለበጠ ደራሲው ያውቃል። ውባንቺ አንዴ አለችው፤ አዳራሹን ሞላው፤ ከዚያ አቆመች።

«ይቅርታ» አለች። «ልጁ ምን ዐመል ነበረው?»

ዮኒ ቀና አለ። «እንዴት?»

«የሞተው ልጅ። ምን ይወዳል? ምን ያስቸግራት ነበር?»

ዮኒ ገጾቹን ገለበጠ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ከመጨረሻ እስከ መጀመሪያ። «አልተጻፈም» አለ።

«እንግዲያስ እኔ ዐመል ልስጠው?»

«ስጪው እስቲ።»

ደሳለን አላወጣችውም፤ እሱ የእናቱ ነው። ለድርሰቱ ልጅ የራሱን ሰጠችው። ረዳቱ መርዶውን እንደገና አነበበ፤ ውባንቺ አልጮኸችም። ወደ ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ማለትም ወደ ብቸኛው ረዳት፣ ጠጋ አለችና ጠየቀች፤

«ጫማውን ያወለቀለት አለ? ጫማ አድርጎ ነው የሚተኛ። አዲስ የተገዛለት ዕለት ይወስዱብኛል ብሎ አድርጎት አደረ፤ ከዚያ ለመደበት። ተኝቶ ካገኛችሁት አውልቁለት ብዬ ለሁሉም ተናግሬ ነበር። ሰምታችሁ ነበር? ተኝቷል ካላችሁኝ፣ እግሩን ማን አየ?»

ረዳቱ ቀጥሎ የሚያነበው ቃል ነበረው። ጠፋው። ወረቀቱን ያየዋል፣ እሷን ያያታል። ከዚያ በኋላ ለቅሶው ሲመጣ ከላይ የተጫነ አልነበረም፤ ከጫማው ነው የመጣው፤ ዘበኛውም ባልዲውን አላነሣም።

ዮኒ ገጾቹን አስቀመጠና «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለ።

«ቅሬ» አለች።

ቅሬ የሚባል የቴአትር ትምህርት ቤት መስሎት ስሙን መዘገበ።

ከአሥራ ዘጠኙ ውስጥ አንድ ስም ተጠራ፤ የውባንቺ። ነገሩ ግን አላለቀም። ከወልድያ የተመረጠች ሌላ ሴት አለች፤ ሁለቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደሴ ላይ ይወዳደራሉ። ለዚያ አዲስ ገጽ ተሰጣት፤ በድርሰቱ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ያው እናት ያንኑ ልጅ ስትድር የሚያሳይ። ትዘፍናለች፣ ትስቃለች፣ እልል ትላለች። ውባንቺ ገጹን አንብባ፣ አጣጥፋ፣ በጉያዋ ከትታ፣ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ቀጥታ አያ አራጋው ዘንድ ሄደች። ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘቻቸው።

«አያ፣ እልልታስ ሟች ይፈልጋል?»

«የማን እልልታ?»

«የሰርግ። ለደሴው ፈተና ነው። ቤት ውስጥ ልለማመድ።»

«ማን ነው የሚያገባው?»

«የድርሰቱ ልጅ።»

«ያ የሞተው?»

«ከመሞቱ በፊት ነው፣ አያ።»

አያ አራጋው ጥቂት አሰቡበት። ነገሩ በቅሬው ደንብ ውስጥ አልነበረም፤ ደንቡ የተጻፈው ለሞት ብቻ ነው።

«ብቻሽን እልል ብትይ ጎረቤት ምን ይልሻል? አበደች ይልሻል» አሉ። «ሰርግ በአንድ ሰው አይሆንም። ቅዳሜ ከገበያ መልስ እንመጣልሻለን። ለአረጋም እኔ እነግረዋለሁ፤ ያን ጡሩምባውን እቤት ይተወው።»